የትምህርት ቤት ላይብረሪና ዲዛይን ቲንኪንግ፦ ሥራውን ልጆቹ ይሥሩት (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ግቡበት)

የደሴ_ላይብረሪ — ሰኞ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ እሠራለሁ። ዘንድሮ ከንባብ ክበብ ልጆች ጋር የጀመርነውን ነገር ላካፍላችሁና የናንተን ልስማ። በተለይ በትምህርት ቤት ላይብረሪ የምትሠሩ ዝም እንዳትሉ።

ዲዛይን ቲንኪንግ የሚባለውን አንዳንዶቻችሁ በሥልጠና ሰምታችኋል። ላልሰማችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው። መፍትሔ ከማሰብህ በፊት ችግሩ ያለበትን ሰው ሄደህ ታያለህ፣ ታዳምጣለህ። ካየኸው ተነስተህ ችግሩ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለህ። ሐሳብ የምታወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካወጣኸው አንዱን በወረቀትም በካርቶንም ቶሎ ትሠራዋለህ፤ ናሙና የምንለው እሱን ነው። ሰው ሲጠቀምበት ታያለህ፣ ካልሆነ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። በነዚህ አምስት ደረጃዎች ያስፋፋው አሜሪካ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ተቋም ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ዴቪድ ኬሊ ነው፤ አይዲኦ የተባለውን የዲዛይን ድርጅት ካቋቋሙትም አንዱ ነው። አይዲኦ ከቺካጎና ከዴንማርኳ ኦርሁስ የሕዝብ ላይብረሪዎች ጋር ሆኖ ለላይብረሪ ሠራተኞች የሚሆን መመሪያ አዘጋጅቷል።

ያ መመሪያ ግን የተጻፈው ለሠራተኛው ነው። ላይብረሪያኑ አጥንቶ አገልግሎቱን እንዲያሻሽል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራውን ልጆቹ ይሥሩት። ላይብረሪው ቢሻሻል እሰየው። ዋናው ግን ልጁ በመሐል የሚማረው ነው። አብዛኛውን የሚማረው ደግሞ ጥያቄውን ሲያጠብብ ነው።

የኛን ልንገራችሁ። ክበቡ ሲሰበሰብ ሁሉም ያለው አንድ ነገር ነው፦ «መጽሐፍ የለም፣ ለድርጅት ደብዳቤ እንጻፍ»። ደብዳቤው ይቆየን፣ መጀመሪያ እዩ አልኳቸው። በእረፍት ሰዓት ሁለት ሁለት እየሆኑ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የሚያዩትን ጻፉ። የኛ ላይብረሪ እንደ ብዙዎቹ ነው። መደርደሪያው ከሽቦው በስተጀርባ ነው። ተማሪው በመስኮቱ መታወቂያውን ይሰጣል፣ የመጽሐፉን ስም ይናገራል፣ እኛ አንስተን እንሰጠዋለን።

ልጆቹ ያመጡት ማስታወሻ ላይ በተደጋጋሚ የተጻፈው ይኼ ነበር። ተማሪ ይመጣል። «የባዮሎጂ መጽሐፍ አለ?» ይላል። የክፍሉ መማሪያ መጽሐፍ ይሰጠዋል። ቆም ብሎ ያየዋል። ይመልሳል። ይሄዳል። አንዷን ልጅ ተከትለው «ምን ፈልገሽ ነበር?» ብለው ጠየቋት። ስለ ኩላሊት ማንበብ ፈልጋ ነው፤ አያቷ ታመውባታል። «ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?» ሲሏት «ምን ብዬ ልጠይቅ? የመጽሐፉን ስም አላውቀው» አለች።

ስለ ኩላሊት በደንብ የሚያስረዳ መጽሐፍ ከውስጥ አለ። ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት።

ከዚያ በኋላ «መጽሐፍ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ። ብዙ ተከራክረው የጻፉት፦ «ተማሪው ውስጡን ያላየውን መጽሐፍ በስሙ እንዲጠራ እንጠይቀዋለን» የሚል ነው። ከዚህ ወደ ናሙና መሄድ ቀላል ሆነላቸው። የአጋዥና የማመሳከሪያ መጻሕፍቱን ማውጫ ገጽ ፎቶ ኮፒ አደረጉ። በሲባጎ ሰቅለው በልብስ መቆንጠጫ ከሽቦው ላይ አንጠለጠሉት። ቁጥርም ሰጡት። ስም አያስፈልግም፣ ቁጥሩን መናገር ነው።

ሲሞከር ሌላ ነገር ወጣ። ማውጫው እንግሊዝኛ ነው። 9ኛ ክፍሎቹ ያዩትና ያልፉታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ሥር በአማርኛ ጥያቄ ለመጻፍ ወሰኑ። «ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ሰውነት ምን ይሆናል?» ዓይነት። ይህን ለመጻፍ ግን ምዕራፉን ማንበብ ግድ ነው። ማንም ሳያዝዛቸው አነበቡ። ሁለት ልጆች አንድ ምዕራፍ ስለ ምን እንደሆነ ሳይስማሙ ቀርተው የባዮሎጂ መምህራቸውን ቢሮ ድረስ ሄደው አስፈረዱ። እኔ ትምህርት የምለው ይሄን ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህን ከክበብ አውጥተን ከክፍል ትምህርት ጋር እንዴት እናገናኘው? ሁለተኛ፣ ልጆቹ አሁን «ለምን ራሳችን ገብተን አናነሳም?» እያሉ ነው። ንብረቱ በስሜ ነው። ምን ይሻላል?


የኮምቦልቻ_ፊዚክስ — ሰኞ ከምሽቱ 2፡25

እህቴ፣ ሥራሽን አከብራለሁ። ልጆቹ ምዕራፍ ማንበባቸው ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ስጋት አለኝ፣ በግልጽ ልናገር።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ይዤ ነው ክፍል የምገባው። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ጢም ያለ ነው። ምዕራፉ አያልቅም። በዚህ መሐል ልጁ ካርቶን ሲቆርጥ ብውል ማን ይጠየቃል?

ሌላው፣ ሐሳብ ማፍለቅ ከባዶ አይመጣም። ግፊት ምን እንደሆነ ያልገባው ልጅ ስለ ውኃ ቧንቧ ሐሳብ አፍልቅ ቢባል የሚያመጣው ቀድሞ የሰማውን ነው። መጀመሪያ እውቀቱ ይግባ። በየሥልጠናው ባለ ቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ወጥተናል። ክፍል ስንመለስ የተቀየረ ነገር የለም።


የደሴ_ላይብረሪ — ሰኞ ከምሽቱ 2፡50

መምህር፣ ስጋቱ ልክ ነው፣ አልከራከርም። አንድ ነገር ላይ ግን አንስማማም። እውቀቱ መግባት አለበት፣ እሱ ላይ አንድ ነን። መቼ ይግባ የሚለው ነው። ከመጀመሪያው ቀን ስለ ኩላሊት አንብቡ ብላቸው ኖሮ ስንቶቹ ያነቡ ነበር? ችግሩን ዓይተው ከጻፉት በኋላ ግን ማንበቡ የራሳቸው ፍላጎት ሆነ። ላይብረሪ ከዲዛይን ቲንኪንግ ጋር የሚገናኘው እዚህ ቦታ ላይ ይመስለኛል። መቀሱም ካርቶኑም ትርፍ ነው፣ ባይኖርም ይሆናል።


መረጃ_ሳይንስ — ሰኞ ከምሽቱ 3፡30

ጥሩ ውይይት ነው። የተማርኩት በዚሁ መስክ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር።

ካሮል ኩልታው የምትባል አሜሪካዊት ምሁር አለች። በረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች ናት። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎች ለምርምር ጽሑፍ መረጃ ሲፈልጉ ምን እንደሚያስቡና ምን እንደሚሰማቸው ተከታትላለች። ስድስት ደረጃ አወጣች። ሥራው ይሰጣል፣ ርዕስ ይመረጣል፣ ልጁ ይቃኛል፣ ጥያቄውን ያጠብባል፣ መረጃ ይሰበስባል፣ በመጨረሻ ያቀርባል። ያገኘችው ትልቅ ነገር ይኼ ነው፦ ርዕሱን ሲመርጥ ልጁ ደስ ይለዋል። ቅኝት ላይ ሲደርስ ግን ግራ ይጋባል፣ ይጠራጠራል፣ ተስፋ ይቆርጣል። መጻሕፍቱ እርስ በርስ አይስማሙም። የቱን ይያዝ? ልቡ የሚረጋው ጥያቄውን አጥብቦ ሲይዝ ነው።

አሁን የኛን አሠራር እዩት። መምህሩ ርዕስ ሰጥቶ ይሄዳል። ላይብረሪያኑ መጽሐፍ አውጥቶ ይሰጣል። ልጁ ግራ በሚጋባበት ሰዓት ግን አጠገቡ ማንም የለም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ከመጽሐፉ ቃል በቃል ገልብጦ ያስረክባል። ወይም ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ፒዲኤፍ። ሰነፍ ስለሆነ ነው እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ብቻውን ስለቀረ ነው።

እኅታችን ያደረገችው እዚያ ሰዓት ላይ አብራቸው መቆም ነው። «ደብዳቤው ይቆየን» ያለችው ብቻ ራሱ ብዙ ሥራ ሠርቷል።

አንድ ነገር ደግሞ። ራንጋናታን የተባለው የሕንዱ የላይብረሪ ሊቅ በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አምስት ሕጎች ውስጥ «መጽሐፍ ለመጠቀም ነው» እና «የአንባቢውን ጊዜ ቆጥብ» የሚሉ አሉ። በሲባጎ የተንጠለጠለው ማውጫ ሁለቱንም ይፈጽማል።


እናት_ከሰኞ_ገበያ — ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ያልተማርኩ እናት ነኝ፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እሷም ከነዚህ ልጆች አንዷ ሳትሆን አትቀርም። ባለፈው ደብተር ይዛ «እማዬ፣ አንቺ ስታዝኚ ወይም ሲያምሽ መረጃ ከየት ነው የምታገኚ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከጎረቤት እና ከጤና ኤክስቴንሽኗ አልኳት። ጻፈችው። አላህ ዕውቀቱን ይጨምርላችሁ፣ ከክፉ ይጠብቃችሁ። አብሽሪ ልጄ፣ በርቺ።


ጡረተኛ_መምህር — ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡05

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ደሴም ኮምቦልቻም አስተምሬአለሁ፣ ርዕሰ መምህርም ነበርኩ። ሁለት ነገር ልበል።

በ2014ቱ ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ላይብረሪ ባዶውን ቀረ። መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሏል። ከዚያ በኋላ ደግ ሰዎች መጽሐፍ ሰበሰቡልን፣ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን በካርቶን የመጣውን ስንከፍት ከልጆቻችን ደረጃ ጋር የማይገናኝ ብዙ ነበረ። ውጭ አገር ለዩኒቨርሲቲ የተጻፈ፣ ለሕፃናት የተጻፈ፣ ጊዜው ያለፈበት። ሰጪው ጥፋት የለበትም። ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ እሱም ማንንም አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ጥናት በልጆቹ እጅ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ «ይህ ይህ ያስፈልገናል» ብለን በዝርዝር እንልክ ነበር። የላይብረሪያኗን «መጀመሪያ እዩ» የወደድኩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ይህ ዘዴ የመጣው ሰው የተሰማውን ፊት ለፊት ከሚናገርበት አገር ነው። የኛ ሰው ይሉኝታ አለው። ወሎ ደግሞ ባሰ። ልጅ የሠራውን ይዞ «እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ማሻአላህ! ተባረኩ! እደጉ!» ተብሎ ተመርቆ ይመለሳል። ማን ነው ፊቱ ላይ «አይሠራም» የሚለው? ምርቃቱ ደስ ይላል። ለሥራው ግን ምንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ በኛ አገር «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ይቅር። ሁለት ናሙና ይሠራ። ሁለቱም ይቀመጡ። ከዚያ ዝም ብሎ ማየት ነው። እጁ ወደየትኛው ሄደ? የትኛውን ገልጦ ተወው? ማውጫው ፊት ቆሞ ስንት ጊዜ ቆየ? ወይም ሥራ ስጡት፦ «ስለ ወባ የሚያወራ መጽሐፍ ቁጥር ፈልግልኝ»። ካገኘ አገኘ፣ ካላገኘ አላገኘ። ይሉኝታ እዚህ አይገባም።

ልጆቹ አዋቂ ዘንድ ሲሄዱም ሥርዓቱን አስተምሯቸው። ደብተር ገልጦ ጥያቄ መደርደር አይደለም። ሰላምታው ይቅደም። ቡና ከተፈላ ይቀመጡ። በአቦል ያልተነገረ በቶና ይነገራል። ብዙ መምህር «ልጆቹ መልስ አጡ» ይላል። ልጆቹ ሳይቀመጡ ነው የጠየቁት።

መምህር ፊዚክስ፣ ያንተን ስጋት ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ግን በየዓመቱ ተግባራዊ ምርምር እንሠራ የለ? ችግር ለይ፣ መንስኤውን አጥና፣ እርምጃ ውሰድ፣ ገምግም። ልዩነቱ እዚያ መምህሩ ስለ ተማሪው ያጠናል። እዚህ ተማሪው ራሱ ያጠናል። ለዚህ ጊዜ ካላገኘን ለዚያም ማግኘት አልነበረብንም።


ተማሪ_11ኛ — ማክሰኞ ከቀኑ 7፡20

ጋሼ፣ ያሉት በጣም እውነት ነው። እኛም ትምህርት ቤት መምህራችን «ላይብረሪው እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁን ሁላችንም «ጥሩ ነው» ብለናል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። እኔ ላይብረሪ የምሄደው ለመጽሐፍ አይደለም። ለጠረጴዛው ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ታናናሾቼ አሉ፣ ቴሌቪዥን አለ። የኔ ፈረቃ ከሰዓት ነው፣ ጠዋት ላይብረሪ እቀመጣለሁ። የራሴን ደብተር ነው የማነበው። እንደኔ ያሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ መጽሐፍ ያልተዋሰ ሁሉ ላይብረሪ አልተጠቀመም ማለት አይደለም።

ደግሞ በቡድን የተሰጠ ሥራ ይኖረናል። ላይብረሪ ውስጥ ማውራት ክልክል ነው። ውጭ ደግሞ የደሴ ብርድ ይታወቃል፣ ጉሙ ሲወርድ እጅ አይጽፍም። የት ሆነን እንወያይ? አንዷን ጥግ እንኳን ቀስ ብሎ ለማውራት ቢፈቅዱልን።


የደሴ_ላይብረሪ — ማክሰኞ ከቀኑ 9፡00

እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ለወረዳ የምንልከው ሪፖርት ላይ ያለው ዓምድ «የተዋሱ ተማሪዎች ብዛት» ነው። አንቺ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለሽም ማለት ነው። ነገ ልጆቹ በመስኮቱ ብቻ ሳይሆን ውስጥ ተቀምጠውም እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ። የጥጉን ነገር ደግሞ ለመሞከር ምንም ወጪ የለውም፤ ጠረጴዛ ማዞርና አንድ ወረቀት መለጠፍ ነው። ጠዋት ከፈረቃ በፊት እናድርገው።


የሐረጎ_መንገድ — ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡10

ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው። እኛም ዲዛይን እንማራለን፣ የኛ ግን መለኪያ ይቀድመዋል። ልጆቹ ናሙና ከመሥራታቸው በፊት «ሠራ የምንለው ምን ሲሆን ነው?» የሚለውን ቢጽፉ እመክራለሁ። ለምሳሌ «የመጽሐፍ ስም የማያውቅ ተማሪ ሠራተኛ ሳይጠይቅ የሚፈልገውን ያገኛል»። አለበለዚያ ማንኛውም ነገር ሠራ ይባላል።

ሌላው፣ በየክበቡ «አፕ እንሥራ» የሚል ልጅ አይጠፋም። የቴሌግራም ቦት የሚልም አለ። ስልክ ይዞ መግባት በተከለከለበት ግቢ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ለማን ነው? ልጁን ግን አትቆጡት። «መጀመሪያ በወረቀት አሳየን» በሉት። ቦቱ ሊመልስ የሚችለውን ጥያቄ በወረቀት ከጻፈ፣ ሥራው ያለቀው እዚያ ነው። ኮምፒውተር ያለው ላይብረሪ ከሆነ ደግሞ ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። አንዴ በፍላሽ አምጥቶ መጫን ነው። ጥያቄውን ላጠበበ ልጅ ይጠቅማል። ላላጠበበው ሌላ የሚገለበጥ ነገር ይሆንበታል።

ያልሠሩ ናሙናዎችን ደግሞ አትጣሉ። ከሥራቸው «ይህ ያልሠራው ለምን ነው» የሚል ሁለት መስመር ተጽፎ ላይብረሪው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። የሚቀጥለው ዓመት ልጅ ከዚያ ይጀምራል።


ላይብረሪ_ኮምቦልቻ — ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡35

እኔም ኮምቦልቻ ነኝ፣ 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ባለበት ትምህርት ቤት። የደሴዋ እህቴ የጠየቀችው ከክፍል ትምህርት ጋር ማገናኘት ላይ የሞከርነው አለ።

ከማኅበረሰብ ሳይንስ መምህሯ ጋር ተነጋግረን ለልጆቹ «ቦርከና» ብቻ አልናቸው። ከደሴ በኩል ወርዶ በከተማችን የሚያልፈው ወንዝ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቆሽሿል፣ ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» አሉ። ይህ «ግንዛቤ የለውም» የሚለው ነገር የት እንደሚማሩት አላውቅም። ለሁሉም ችግር የሚሰጥ መልስ ሆኗል። እኛም ፖስተር ሠርተን እንዲሰቅሉ ብንፈቅድ ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር።

ወንዝ ዳር ወስደን አሳየናቸው። የሚያዩትን እንዲጽፉ አደረግን። የበዛው ፌስታልና የአትክልት ትርፍራፊ መሆኑን ጻፉ። ከየት መጣ? አትክልት የሚሸጡ እናቶችን ሄደው አነጋገሩ። እናቶቹ ቆሻሻው ወንዝ መግባቱ ጎጂ መሆኑን ከልጆቹ በላይ ያውቃሉ። ገንዳው ሩቅ ነው። ሲመሽ ዕቃቸውን ትተው እዚያ ድረስ መሄድ አይችሉም። አንዷ እናት «ዕቃዬን ማን ይጠብቅልኝ?» አለቻቸው። ጥያቄው ያኔ ተቀየረ። «እናቶቹን እንዴት እናስተምር» የነበረው «ዕቃዋን ሳትተው ቆሻሻዋ ገንዳ የሚደርስበት መንገድ ምንድን ነው» ሆነ።

ከዚህ በኋላ ላይብረሪ ገቡ። ምን ፈለጉ? ስለ ብስባሽ ማዳበሪያ። ስለ ፌስታል መበስበስ። የከተማዋን ካርታ። ስለ ሜትርና ስኬል፣ ካርታ ላይ ርቀት ለመለካት። ከጂኦግራፊም፣ ከሳይንስም፣ ከሒሳብም። መምህሯ ይህን ለተከታታይ ምዘና ከሚሰጠው ነጥብ ላይ ያዘችው። ተጨማሪ ፔሬድ አልወሰደም፣ የቤት ሥራው ይኼ ነበር። ያቀረቡት መፍትሔ ዕቃ የሚጠብቅ ተራ በእናቶቹ መካከል እንዲኖር ነው። ከተማው ተቀበለው አልልም፣ ገና ነው። የልጆቹ ደብተር ግን ከዚህ በፊት ካየሁት ሁሉ ይለያል። የተገለበጠ ነገር የለበትም።


የኮምቦልቻ_ፊዚክስ — ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡15

ተከታታይ ምዘናው ውስጥ ማስገባቱን አላሰብኩትም ነበር። ያ ያስኬዳል። ለፈተና የሚሆን ምዕራፍ ላይ አሁንም ጊዜ አልሰጥም፣ እሱን ልንገራችሁ። ነገር ግን በሴሚስተር አንድ የፕሮጀክት ሥራ እሰጣለሁ፣ ሁልጊዜም የሚመጣልኝ ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ወረቀት ነው። ያን አንዱን ለላይብረሪው ልልቀቀው። ከቤታቸው አንድ ሙቀት የሚባክንበትን ቦታ ዓይተው ይምጡ፤ ምድጃ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን አጥብበው ላይብረሪያኗ ፊት ሳያቀርቡ መጽሐፍ አይውሰዱ። የሙቀት ማስተላለፍን ምዕራፍ እኔ ከዚያ በፊት አስተምራቸዋለሁ። እውቀት ይቅደም የሚለውን አልተውኩም።

ላይብረሪ_ኮምቦልቻ፣ የኛም ትምህርት ቤት እዚሁ ከተማ ነው። በውስጥ መልእክት እንገናኝ።


ንብረት_ክፍል — ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡40

የመደርደሪያውን መከፈት በተመለከተ። የንብረት ሠራተኛ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ሳይሆን ሌላ መሥሪያ ቤት። እህቴ፣ መጻሕፍቱን በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ቅጹ) ፈርመሽ ከወሰድሽ ሲጠፋ ተጠያቂ አንቺ ነሽ። ስትለቂ ክሊራንስ ላይ ይመጣብሻል። ስለዚህ በመልካም ሐሳብ ብቻ አትክፈቺው።

መንገድ ግን አለ። ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አቅርቢ። የተወሰኑ መጻሕፍት ብቻ፣ በዝርዝርና በመለያ ቁጥር፣ ለተወሰነ ጊዜ ለሙከራ ክፍት መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጡ። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ይወቀው፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። በሙከራው ጊዜ ለሚጠፋ መጽሐፍ እንዴት እንደሚወራረድ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ጊዜው ሲያልቅ ተቆጥሮ ይመዝገብ። ያን ቁጥር ይዘሽ ስትመለሺ ማንም ሊከለክልሽ ይቸገራል። ልጆቹ ቆጠራው ላይ ይሳተፉ፣ የጠፋውን ራሳቸው ይዩት።


የደሴ_ላይብረሪ — ረቡዕ ከምሽቱ 1፡20

ወንድሜ፣ እንዲህ የሚነግረኝ ሰው ነበር የፈለግሁት። ደብዳቤውን ልጆቹ እንዲያረቁት አደርጋለሁ፣ እኔ አስተካክዬ እፈርማለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽቦው የሚወጡትን መጻሕፍትም በማውጫው ላይ ብዙ ከተጠየቁት ውስጥ እንመርጣለን።

ጋሼ፣ የሁለቱን ናሙና ነገር ዛሬውኑ ሞከርን። አንደኛው ሲባጎ በትምህርት ዓይነት ነው የተደረደረው፦ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ታሪክ። ሁለተኛው በጥያቄ ነው፦ «ስለ ሰውነቴ»፣ «ስለ አካባቢዬ»፣ «ነገሮች እንዴት ይሠራሉ»። ልጆቹ ሁለተኛው እንደሚመረጥ እርግጠኞች ነበሩ። የ9ኛ ክፍሎቹ እጅ በእርግጥ ወደ ሁለተኛው ሄደ። የ12ኛ ክፍሎቹ ግን ወደ መጀመሪያው ነው የሄዱት። ለፈተና በትምህርት ዓይነት ነው የሚያስቡት። «ወደዳችሁት?» ብለን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ይህን አናገኘውም ነበር። አሁን ክርክሩ ሁለቱም ይቆዩ ወይስ ቀለም ተለያይቶላቸው አንድ ላይ ይሁኑ የሚል ነው። ገና አልተስማሙም።

ተማሪ_11ኛ፣ ጥጉ ተከፍቷል። ከበሩ በስተግራ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ደንቡን እናንተ ጻፉት።


ተማሪ_11ኛ — ረቡዕ ከምሽቱ 1፡45

እኔ እኮ ሌላ ትምህርት ቤት ነኝ 🙂 ግን ይህን ክር ለላይብረሪያናችን አሳያቸዋለሁ። የልጆቹ መመልከቻ ወረቀት ምን ምን ዓምድ እንዳለው ቢጽፉልን?


የደሴ_ላይብረሪ — ረቡዕ ከምሽቱ 2፡05

እሺ የኔ እህት። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፣ አራት ዓምድ አለው። ሰዓት። ተማሪው ምን አለ፣ በራሱ ቃል። ምን አደረገ። ምን ይዞ ሄደ። «ለምን ይመስልሃል?» የሚል ዓምድ ሆን ብለን አላስገባንም፤ ያን በመጨረሻ ሁሉም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አብረን ነው የምንጽፈው። የተማሪ ስም አይጻፍም፣ ክፍል ብቻ። ማውጫ ፎቶ ኮፒ ስታደርጉም የማውጫውን ገጽ ብቻ እንጂ መጽሐፉን አታባዙ። ቁጥሩን በማርከር በትልቁ ጻፉት፣ ከሽቦው በሁለት እርምጃ ርቀት መነበብ አለበት።